ካርል ቴዎዶር ድራየር፦ አገልጋዮችን የመረመረ ካሜራ

መጋቢ ወይም የነገረ መለኮት ተማሪ ከሆኑ፣ የዴንማርካዊውን የፊልም ዳይሬክተር የካርል ቴዎዶር ድራየርን (እ.ኤ.አ. 1889–1968) ሥራዎች ዘና ብለው ማየት ይቸግርዎታል። ደጋግሞ የመረመረው እኛን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው ድምፅ አልባ ፊልሙ በዣን ዳርክ ላይ የሚፈርዱት ሊቃውንት መጽሐፉን ያውቃሉ፤ ካሜራው ግን ፊታቸውን እጅግ ቀርቦ እያሳየ እውቀታቸው ወጥመድ መሆኑን ይገልጣል። በ1943፣ አገሩ በናዚ ጀርመን እጅ ሳለች፣ ባወጣው «የቁጣ ቀን» ደግሞ አረጋዊው ቄስ አብሳሎን አንዲት ወጣት ለማግባት ሲል እናቷን ከጥንቆላ ክስ አትርፏል፤ ሌላዋ አሮጊት እንዲያድናት ብትለምነው ግን ለእሳት አሳልፎ ይሰጣታል።

እነዚህንስ «እኛ እንዲህ አይደለንም» ብለን እናልፋቸው ይሆናል። በ1955 ተሠርቶ በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው «ቃል» ግን አያሳልፈንም። ታሪኩ የተወሰደው ናዚዎች በ1944 ከገደሉት ከቄስ ካይ ሙንክ ተውኔት ነው። በአንድ የገጠር መንደር የሞርተን ቦርገን ቤተ ሰብና የልብስ ሰፊው የፔተር ማኅበር፣ ሁለቱም ሉተራውያን ሆነው ሳለ፣ ልጆቻቸውን ለመዳር እንኳ አይስማሙም። (ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።) የቦርገን ምራት ኢንገር በወሊድ ትሞታለች። የመንደሩ አዲስ ቄስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነው፣ ሐዘንተኞችን ያጽናናል። ብቻ ተአምር ዛሬ አይሆንም ባይ ነው። እኔን ከዣን ዳርክ ፈራጆች ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ድራየር ይህን ቄስ የሚገሥጸው በጯሂ ነቢይ አይደለም። የቦርገን ልጅ ዮሐንስ አእምሮው ታውኮ «ክርስቶስ ነኝ» ሲል ኖሯል። በዚያው ሁኔታ ሳለ ኢንገርን ሊያስነሣ ይሞክራል፤ እሷ አትነሣም፣ እሱ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ኋላ ወደ ልቡ ተመልሶ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሲቆም፣ ከአማኞቹ አንድም ሰው ስለ እሷ እግዚአብሔርን አለመለመኑን ይወቅሳል። ከዚያም የሟቿ ትንሽ ልጅ እጁን ይዛ ሳለች በኢየሱስ ስም ይጠራታል፤ ኢንገርም ትነቃለች። ሙት እናስነሣለን የሚል ድምፅ በሚሰማበት በእኛ አገር፣ በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ያለው ልዩነት በሴሚናሪ ክፍል አንድ ሙሉ ሰዓት ይገባዋል።

ቅሬታም አለኝ። እምነቱን ጥሎ የነበረው ባሏ ሚከል ያምናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊልሙ በባልና ሚስት እቅፍ ላይ ሲያበቃ፣ ኢንገር ዳግመኛ እንደምትሞት፣ ክርስቶስ ግን ዳግመኛ እንደማይሞት (ሮሜ 6፥9) የሚያሳስብ ነገር አላየሁበትም። ለስብከት የሚጠቀሙበት አገልጋይ ይህን ራሱ መጨመር ይኖርበታል። ድራየር ከዚያ በኋላ የጨረሰው አንድ ፊልም ብቻ፣ የ1964ቱን «ገርትሩድ»ን ነው። ስለ ኢየሱስ ሕይወት ጽፎ ለዓመታት ሊሠራው ሲደክምለት የኖረውን ፊልም ሳይቀርጸው አረፈ።