የካላላው ገደልና ሁለቱ ተራኪዎች

ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋኢ፣ ና ፓሊ በሚባለው ገደላማ የባሕር ዳርቻ፣ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ አለ። ተጓዡ ድንኳኑንና ስንቁን በጀርባው አዝሎ ከኬኤ ይነሣና ካላላው ከሚባለው አሸዋማ ዳርቻ ደርሶ ያድራል። (ለደስታ ሲባል ስንቅ መሸከም ለእኛ አገር ገበሬ ቢነገረው የሚስቅ ይመስለኛል።) ዝናብ ሲጥል የሃናካፒያይ ወንዝ በድንገት ይሞላል። ከእኩሌታው አልፎ መረማመጃው ይጠብና በአንድ ወገን ዐለት፣ በሌላው ገደልና ባሕር ይሆናል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚገኘውን ዳርቻ ተጓዦች ሰው ያልደረሰበት ገነት ይሉታል። ጠቤ ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ወደ ሸለቆው ዘለቅ ያለ ሰው የድንጋይ እርከን ያያል፤ ጎደሬ ይመረትበት የነበረ ነው። ገነቱ ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

ሸለቆውን በልብ ወለድ ካስተዋወቁት አንዱ ጃክ ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው «ለምጻሙ ኮኦላው» የተሰኘ አጭር ልብ ወለዱ ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ነው። በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን ያወረደው ጊዜያዊ መንግሥት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ወደ ሞሎካይ ደሴት ያግዝ ነበር። ኮኦላው ሚስቱ አብራው ከሄደች እሄዳለሁ አለ። ተከለከለ። ሚስቱን ፒኢላኒንና ልጁን ይዞ ካላላው ወረደ፤ ሊይዘው የመጣውን ሹም ተኩሶ ገደለ፤ መድፍ ይዞ የዘመተው ጦርም ሳይዘው ቀረ።

ለንደን ፈሪ ደራሲ አይደለም። ገና በመክፈቻው ኮኦላውን ስለተነጠቀ መሬት ያናግረዋል፤ ያም የሥራው ምርጥ ክፍል ነው። የሟቹ ሹም ልጅ «ስናርክ» በተባለችው የለንደን ጀልባ ባልደረባ እንደነበረ ስናስብ፣ ደራሲው ለገዳዩ ማድላቱ የሚያስከብረው ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ሕሙማኑን አስፈሪ ፍጥረቶች አድርጎ ከሣላቸው በኋላ፣ ተከታዮቹ ኮኦላውን ጥለውት ይሄዳሉ፤ እርሱም ጠመንጃውን ታቅፎ ብቻውን ይሞታል። ሚስት የለችም፤ ልጅ የለም። ብቸኛ ጀግና ባዶ ሸለቆ ይፈልጋልና ለንደን ሸለቆውን ባዶ አደረገለት። የዛሬው ተጓዥም ሳያውቀው የሚደግመው ይህንኑ ነው።

የሚያሳዝነው ሌላ መጽሐፍ ቀድሞ መኖሩ ነው። ፒኢላኒ ያየችውን ለጆን ሼልደን ተርካ፣ በ1906 በሐዋይ ቋንቋ ታትሟል፤ በእንግሊዝኛ የወጣው ግን በ1987 ነው። በእርሷ ትረካ ገደሉ የጀግንነት መድረክ አይደለም፤ ምን ተበላ፣ የት ተደበቅን የሚባልበት ቤት ነው። መጀመሪያ ልጁ ሞተ፤ ቀጥሎ ባልዋ። በገዛ እጅዋ ቀበረችው። እርግጥ የሼልደን ብዕር ሙሾ ያበዛል፤ አንዳንድ ገጽ ላይ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቢሆንም እነዚያ ጥቂት የቀብር ገጾች ከለንደን ጠመንጃ ይልቅ ይከብዱኛል።

በሚያዝያ 2018 ጎርፍ ያዘጋው መንገድ በሰኔ 2019 ሲከፈት የጎብኚው ቁጥር ተገድቧል፤ ለማደርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለ ፈቃዱ አድሮ በዚያው በባሕሩ ዳር መንገድ ይመለሳል። ፒኢላኒ የወጣችው ግን ከሸለቆው በስተኋላ ባለው ገደል ነበር፤ ከሦስት ዓመት በላይ ከኖረችበት፣ ሦስት ሆነው ከወረዱበት፣ ብቻዋን።