የወረቀቱ ወዝ
(ስለ ፎቶግራፍ ገጽ አጭር ሂስ)

ፎቶግራፍን በተመለከተ ሂስ ስንጽፍ ስለ ባለ ፎቶው ፊት እንጽፋለን፤ ስለ ብርሃኑ እንጽፋለን፤ ስለ «መልእክቱ» ደግሞ ከሚገባው በላይ እንጽፋለን። ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ቃል አይወጣንም። ወረቀት የሱቅ ጉዳይ ነዋ! ሻጩ «ማት ነው ግሎሲ?» ይላል፤ ገዢው «ደስ ያለህን» ይላል፤ አለቀ። በቋንቋችን «ላይ ላዩን አየው» ማለት ነቀፌታ ስለሆነ ይመስለኛል ገጽን ንቀን ወደ «ጥልቁ» የምንሮጠው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ለላይኛው ነው። በፎቶግራፍ ውስጥ ጥልቀት የምንለው ነገር የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚያው ላይ ላዩ ላይ ነውና።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። ከወንዝ ያነሣነው ጠጠር እርጥብ ሳለ ጠቆር ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ አመድ ይመስላል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው ገጹ ነው። ሻካራ ገጽ የወደቀበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከብትኑም ከፊሉ ዐይናችን ውስጥ ገብቶ ጥቁሩን ያሳሳዋል። ለስላሳ ገጽ ግን እንደ መስተዋት ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ስለሚመልሰው፣ ከዚያ መስመር ዘወር ብሎ ለቆመ ሰው ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቆየዋል። የፎቶግራፍ ወረቀትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ደብዛዛው ወረቀት፣ ማት የምንለው፣ እጅግ ጠቆረ በተባለበት ቦታ እንኳ ከወደቀበት ብርሃን ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ይመልሳል። አብለጭላጩ ከመቶ 1 እጅ በታች ነው የሚመልሰው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ነጩ በሁለቱም ላይ ወደ 90 እጅ ገደማ ስለሚመልስ፣ በማት ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ርቀት ከ30 እስከ 45 እጥፍ ነው፤ በግሎሲ ላይ 90 እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ኔጋቲቭ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያተመ ሰው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ በዚህ ምክንያት «ማት ደካማ ነው» ብሎ መደምደም ይቻላል? ቀስ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1873 እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሊስ በፕላቲነም የማተም ዘዴን በስሙ አስመዘገበ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዘዴ ምስሉን የሚሸከም የጄላቲን ሽፋን የለም፤ ብረቱ የሚያርፈው በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ነው። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አሁን የያዛችሁትን በስቴንስል የተባዛ ገጽ ተመልከቱ፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ አልተቀመጠም፤ ወረቀቱ ጠጥቶታል። የፕላቲነም ሥዕልም እንደዚሁ ከወረቀቱ ጋር አንድ አካል ነው። ፍሬድሪክ ኤቫንስ በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሣው፣ «የደረጃዎች ባሕር» የተባለው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። በሰው እግር ብዛት የተበላ የድንጋይ ደረጃ እንደ ማዕበል ሲወጣ ይታያል። ድንጋዩ አያበራም፤ ወረቀቱም አያበራም። ግራጫው ከግራጫ በቀስታ ሲለይ ዐይን የሚረግጠው ነገር ያገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፕላቲነም ዋጋ ሰማይ ሲወጣና ወረቀቱ ሲጠፋ ኤቫንስ ፎቶግራፍን እርግፍ አድርጎ ተወ። «ወረቀት የሱቅ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ይህን ያስብበት። ለኤቫንስ ወረቀቱ ከሌለ ሥራውም የለም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ እንሻገር። በኅዳር ወር 1932 በሳን ፍራንሲስኮ ዴ ያንግ ሙዚየም «ኤፍ 64» ነን ያሉ ፎቶግራፈሮች ሥራቸውን አሳዩ። ኤድዋርድ ዌስተን፣ አንሰል አዳምስ፣ ኢሞጀን ከኒንግሃም ከእነሱ መካከል ነበሩ። የያዙት አቋም ፎቶግራፍ ከሥዕልም ከሌላ ጥበብም ምንም ሳይበደር ራሱን ይቻል የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎች ጭጋጋም ሌንስና ሻካራ ወረቀት አጣምረው ፎቶግራፍን የከሰል ሥዕል ለማስመሰል ይደክሙ ነበር። ኤፍ 64ቶች መልሳቸው ስል ሌንስና ለስላሳ፣ አብለጭላጭ ወረቀት ሆነ። ዌስተን በ1930 ያነሣውን «ቃሪያ ቁጥር 30» አስቡት። ቃሪያው የሰው ገላ ይመስላል፤ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክርን አለው። ይህን ያመጣው ቅርጹ ብቻ አይደለም። የቃሪያው ቆዳ ራሱ ወዛም ነው፤ የወረቀቱ ወዝ ከቃሪያው ወዝ ጋር ሲገጥም የምናየው ነገር የሚዳሰስ ይሆናል። በሻካራ ወረቀት ቢታተም ኖሮ ምን ይቀር ነበር? የሚያምር ጥላ። ቃሪያው ግን አይኖርም።

እዚህ ድረስ ከኤፍ 64ቶች ጋር ነኝ። የምለያያቸው ገጽን የሥነ ምግባር ሕግ ሲያደርጉት፣ ማለትም ግሎሲ እውነት ነው፣ ማት ውሸት ነው ወደሚል ሲያዘነብሉ ነው። ይህን የሚያፈርሰው ከራሳቸው ሰፈር የወጣ ሥራ ነው። አንሰል አዳምስ ከዚያ ኤግዚቢሽን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1930፣ ከደራሲዋ ሜሪ ኦስቲን ጋር «ታኦስ ፑዌብሎ» የተባለ መጽሐፍ በ108 ቅጂ አወጣ። በውስጡ ያሉት 12 ፎቶግራፎች በማተሚያ ቤት ቀለም የተመቱ አይደሉም፤ ዊልያም ዳሶንቪል ብርሃን ተቀባይ ባደረገው፣ ከጽሑፉ ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ደብዛዛ ወረቀት ላይ የታተሙ እውነተኛ ፎቶግራፎች ናቸው። የሚያሳዩትም በኒው ሜክሲኮ ያሉትን የጭቃ ቤቶች ነው። በዚያው ዓመት አዳምስ ታኦስ ላይ የፖል ስትራንድን ኔጋቲቮች አየና አቅጣጫውን ቀየረ፤ ወደ አብለጭላጩ ወረቀት ዞረ። ታሪኩ ሲነገር ይህ ሁልጊዜ እንደ «እድገት» ነው የሚቆጠረው። እኔ ግን አይዋጥልኝም። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት አይመልሳትም፤ ይቀበላታል። ያ ወረቀትም እንዲሁ ተቀብሏታል። አዳምስ በኋላ ለበረዶና ለድንጋይ ግሎሲን መምረጡ ትክክል ነበር፤ ይህ ማለት ግን ለጭቃው ማትን መምረጡ ስህተት ነበር ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚያስገርመው የአርቪንግ ፔን ነገር ነው። የፋሽን ፎቶግራፈር ነው፤ አብለጭላጭ መጽሔት ያሳደገው። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ተረስቶ ወደ ነበረው ፕላቲነም ተመለሰ። በ1972 ከኒው ዮርክ ጎዳና የተለቀመ የሲጋራ ቁራጭ አነሣ፤ በ1975ም ሥራዎቹ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታዩ። ወረቀቱን በአሉሚንየም ላይ ለጥፎ፣ ደጋግሞ እየቀባና ደጋግሞ እያተመ፣ ማት ወረቀት እምብዛም የማይሰጠውን ጥልቅ ጥቁር አወጣለት። ሰው የረገጠው ቁራጭ በወርቅ ሚዛን በሚመዘን ብረት! «ለጉድፍ ይህ ሁሉ ክብር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። መልሱ እዚያው ነው። ያ ቁራጭ በግሎሲ ቢታተም የማስታወቂያ ዕቃ ይመስል ነበር፤ ፔን ደግሞ ማስታወቂያን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በፕላቲነም ላይ ግን ትንባሆው፣ የተቀደደው ወረቀት፣ አመዱ ራሱን ችሎ እንደ ፍርስራሽ ሐውልት ቆመ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሮይ ደካራቫ ጥያቄ ነው። ደካራቫ (1919–2009) የሃርለምን ጥቁር ሕዝብ ሲያነሣ ብርሃን አልጨመረበትም። በ1953 ያነሣው «ኮሪደር» የተባለው ሥራው ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ዐይን ሲለምድ ግን ጨለማው ውስጥ ሌላ ጨለማ፣ ከዚያም ውስጥ ግድግዳ ይገኛል። የሰዎቹንም ፊት ሲያትም «እንዲታዩ» ብሎ አላነጣቸውም፤ በራሳቸው ጥቁረት ውስጥ ብርሃናቸውን ፈለገ። እንግዲህ ከላይ የቆጠርነው የመቶኛ ነገር እዚህ ላይ የቤተ ሙከራ ወሬ መሆኑ ያበቃል። ሥራው በሙሉ ታችኛው እርከን ላይ ለሆነ ሰው፣ ጥቁሩን የሚያሳሳ ወረቀት ፊቱን ሰርቆ ግራጫ ይመልስለታል። በጣም የሚያብለጨልጨው ደግሞ የመስኮቱን ብርሃን እያንጸባረቀ ተመልካቹን የራሱን መልክ ያሳየዋል። ጥቁር ፊትን በጥቁረቱ ለማክበር የፈለገ ሰው በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ አለበት። ይህ የሱቅ ጉዳይ ነው እንዴ?

ወደ ዛሬው እንምጣ። አሁን አብዛኛው የጥበብ ኅትመት በቀለም መርጫ ማሽን ነው የሚወጣው። ገበያው ወፍራም፣ ደብዛዛ የጥጥ ወረቀት አቅርቦ «የጥበብ ወረቀት» ይለዋል፤ ሌላውን ደግሞ «ባራይታ» ብሎ የድሮውን የጨለማ ክፍል ማዕረግ ይሸልመዋል። (ባራይታ ጥንት ከጄላቲኑ ሥር የሚቀባው የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ ነበር፤ ነጭነቱንና ልስላሴውን የሚሰጠው እሱ ነው።) ወረቀቶቹ ክፉ አይደሉም። ክፉው ውፍረት ጥበብን ይወልዳል የሚለው እምነት ነው። ባዶ ፎቶግራፍ በጥጥ ላይ ሲታተም ያው ባዶ ነው፤ ዋጋው ብቻ ይጨምራል። እኛ ደግሞ በሌላው ጽንፍ ሁሉንም በስልክ መስተዋት ላይ እያየን የኤቫንስን ድንጋይ፣ የዌስተንን ቃሪያ፣ የደካራቫን ጨለማ አንድ ዓይነት ወዝ ቀብተናቸዋል። ከዚያም «አየሁት» እንላለን።

የእኔ መለኪያ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ይህ ሥራ በሌላ ወረቀት ላይ ቢሆን ምን ያጣ ነበር? መልሱ «ምንም» ከሆነ አታሚው አልመረጠም፤ ሻጩ ነው የመረጠለት። መልሱ «ጭቃውን»፣ «ቆዳውን»፣ «ፊቱን» ከሆነ ግን ወረቀቱ የሥራው አካል ነው፤ ሐያሲውም እንደ አካል ሊያየው ግዴታ አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የታተመ ፎቶግራፍ ፊት ስትቆሙ ቀጥ ብላችሁ አትቁሙ። ወደ ጎን ዘወር በሉ፤ ብርሃኑ ገጹ ላይ ምን እንደሚሠራ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መልእክቱ ጻፉ።