በፒዲኤፍና በማስታወሻ መካከል

አንድ የሕግ ቢሮ ሰነዶቹን ከየት እንደሚያገኝ ለማወቅ የረዳት ጠበቃውን ስልክ ማየት ይበቃል። አዋጁ በቴሌግራም ይመጣል፤ መመሪያውም በቴሌግራም። የሰበር ውሳኔውም አንዳንዴ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ፣ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት እየታየ፣ በዚያው ይመጣል። ሁሉም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይከመራል። ከወራት በኋላ «ያ ስለ ወሊድ ፈቃድ የሚለው የቱ ነበር?» ሲባል ፍለጋው እንደገና ከቴሌግራም ይጀምራል።

ይህ ክምር ተነብቦ፣ ስም ወጥቶለት፣ በራሱ ወደ ማስታወሻ መተግበሪያ እንዲገባ ማድረግ ዛሬ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰነዱ ለቴሌግራም ቦት ይላካል፤ ቦቱ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ወዳለ ፎልደር ያወርደዋል፤ ፎልደሩን የሚጠብቅ አጭር ስክሪፕት ምስልን አንብቦ ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ፕሮግራም፣ ለኦሲአር፣ ይሰጠዋል፤ የተነበበው ጽሑፍ ማርክዳውን ፋይል ሆኖ እንደ ኦብሲዲያን ባለ መተግበሪያ ይከፈታል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ነጻ ናቸው። ቴሴራክት የተባለው አንባቢ በሂውሌት ፓካርድ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሕዝብ የተለቀቀ ሲሆን አማርኛም ያነባል።

የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የማቀበል ሐሳብ የቆየ ነው። የቤል ላብሱ ዳግላስ ማኪልሮይ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ቱቦ እርስ በርስ መገጣጠም አለባቸው ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር፤ ሐሳቡ በ1973 ዩኒክስ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ቱቦ ግን የገባበትን ውኃ አይመርጥም። ንጹሑንም ድፍርሱንም እኩል ያወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ የሰነድ ፍሰት ሲዘረጋ አብዛኛው ድካም የሚያልቀው መሣሪያዎቹን በማገጣጠም ሳይሆን በየመጋጠሚያው ምን እንደማያልፍ በመወሰን ነው።

ለምሳሌ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን እንይ። ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ይዟል። አንባቢው ፕሮግራም ዓምዶቹን ካልለየ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይሄድበትና ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ፣ ለማንም የማይጠቅም ዓረፍተ ነገር ያወጣል። መድኃኒቱ ምስሉን መሐል ለመሐል ቆርጦ ግራውን በአማርኛ፣ ቀኙን በእንግሊዝኛ ማስነበብ ነው። ነገር ግን ስካነሩ ላይ ወረቀቱ ትንሽ ካዘመመ ቁርጡ ከገጹ በላይኛው ክፍል የአማርኛውን የመጨረሻ ፊደላት፣ ከታችኛው ደግሞ የእንግሊዝኛውን መነሻ ይበላል። ስለዚህ ማቃናት ይቀድማል፤ መቁረጥ ይከተላል። የመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ደግሞ ሁለቱንም ዓምድ ተሻግሮ ስለሚታተም ለብቻው ይነበባል። ይህን ቅደም ተከተል ማንም በመጀመሪያው ቀን አያውቀውም። ሥራውን በእጁ ደጋግሞ የሠራ ሰው ብቻ ነው ለስክሪፕት ሊያስረክበው የሚችለው።

ቀጥሎ የፋይሉ ስም አለ፤ ቀላል የሚመስለው ግን ብዙ የሚያስቸግረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአማርኛው ዓምድ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1156/2019። ስክሪፕቱ ቁጥሩን ከሁለቱም ዓምዶች ከወሰደ ማስታወሻው ውስጥ አንድ አዋጅ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። «ስምንት ዓመት ቀንስ» የሚል ሕግ ማውጣትም አያዋጣም፤ ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996 ሲሆን እንግሊዝኛው 377/2003 ይላል፤ እዚህ ልዩነቱ ሰባት ነው። የሚሻለው ተራ ቁጥሩን መለያ አድርጎ ሁለቱንም ዓመቶች ለየብቻ መያዝ ነው። እሱም ቢሆን ከሥርዓት ሥርዓት ሲሻገሩ ይከዳል። ደርግ ሥልጣን የያዘበት አዋጅም ሆነ የዛሬው ሕገ መንግሥት የታወጀበት አዋጅ ሁለቱም ቁጥር 1 ናቸው። የቀድሞ ሕጎችን የሚሰበስብ ቢሮ መለያው ላይ የሥርዓቱን ዘመንም መጨመር አለበት።

ሌላው ችግር የቆዩ ፎንቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት የላቲን ፊደላትን ቦታ ወርሰው የአማርኛ መልክ በሚያሳዩ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኮፒ አድርገው ሲለጥፉት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይዘረገፋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የኦሲአር ፕሮግራሙ «ጽሑፍ ያለውን ገጽ ዝለል» ተብሎ ከታዘዘ፣ ምስሉን ሳያነብ ያንኑ ዝርግፍ በቀጥታ ወደ ማስታወሻው ያሳልፈዋል። ልምድ ያለው ሰው በዚህ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጥያቄ ይተክላል፤ ከወጣው ጽሑፍ ስንት እጁ የግዕዝ ፊደል ነው? አማርኛ መሆን ያለበት ዓምድ ላይ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ገጹ በግድ እንደ ምስል ይነበባል።

ጥቃቅኑም ብዙ ነው። ቦት በተለመደው አሠራር ከ20 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማያወርድ ወፍራም ስካን በሌላ መንገድ መግባት አለበት። ገጹ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል መላክ አለበት። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ በግማሽ የተጻፈ ማስታወሻ ሙሉ መስሎ እንዳይቀር፣ ስክሪፕቱ በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ስሙን ይቀይራል። «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን እንዳያጣ፣ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተሰበሰቡበት ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ይቀመጣል፤ ዋናው ጽሑፍ አይነካም።

እስካሁን ከተነሡት ስሕተቶች አብዛኞቹ ግን አንድ ደግነት አላቸው፤ ገና ሲታዩ ያስታውቃሉ። የሚያስፈራው የማያስታውቀው ነው። በአዋጅ 1156 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀን ነው። በደበዘዘ ስካን 90 «60» ተብሎ ቢነበብ ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አይጎድለውም፤ ለሕግ ሰውም አይጎረብጠውም። ምክንያቱም በተሻረው አዋጅ 377 ፈቃዱ በእርግጥ 60 ቀን ነበር። የድሮውን ሕግ የሚያስታውስ ሰው እንዲያውም ይበልጥ ያምነዋል። ማስታወሻው ተፈልጎ ይገኛል፤ ወደ ደንበኛ ደብዳቤ ይገለበጣል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የትኛውም የፊደል ማረሚያ አይዘውም።

ስለዚህ ሁሉን ነገር ያለ ሰው እጅ ማድረስን እንደ ግብ የሚይዙ ሰዎች ሐሳብ፣ ቢያንስ በሕግ ሰነድ ላይ፣ አይጥምም። ደህና የተሠራ ፍሰት ማስታወሻውን «ያልታየ» የሚል ምልክት ሰጥቶ ያስገባዋል። በውስጡ ያሉትን አኀዞች ለይቶ እያንዳንዱን ከተቆረጠ የገጹ ምስል ጋር ጎን ለጎን ይዘረዝራል። ረዳቱ ሃምሳ ገጽ ከማንበብ ይልቅ አኀዞቹን ብቻ ከምስላቸው ጋር ያስተያይና ምልክቱን ያነሣል። ኦብሲዲያን ከማስታወሻ ወደ ፒዲኤፉ የተወሰነ ገጽ ሊንክ ማድረግ ስለሚያስችል፣ የተጠራጠረ ሰው ዋናውን ለማየት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃዋል። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ማጠቃለያ ቢጨመር እንኳ ቦታው ከአዋጁ ጽሑፍ ተለይቶ፣ ማጠቃለያ መሆኑ ተጽፎበት፣ የገጽ ቁጥር ይዞ ነው። ከአንቀጹ ጋር ተደባልቆ ከተቀመጠ ከዓመት በኋላ የትኛው የሕግ አውጪው ቃል፣ የትኛው የማሽን እንደሆነ የሚለይ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም በፍሰቱ የማያልፉ ሰነዶች አሉ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ሐምራዊው ክብ ማኅተም ቀኑና የደብዳቤ ቁጥሩ ላይ ካረፈ፣ አንባቢው ፕሮግራም ቀኑን ይዘለዋል ወይም ከራሱ ይፈጥራል። እነዚህን ስክሪፕቱ ለማንበብ መሞከሩን ትቶ «በእጅ» ወደሚል ፎልደር ያዛውራቸዋል፤ ረዳቱም ቀኑን ከመዝገብ ቤቱ ደብተር አይቶ ይሞላል።