ፕላስተሩ እስኪላጥ

በበጋ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ባለችው ፉሪ ንቅሳት የሚሠራ ሰው ከመርፌው ይልቅ አቧራው ያሳስበዋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ኮረኮንቹ ይጀምራል። ባጃጁ፣ አሸዋ የጫነው ሲኖትራክ፣ በየጥጉ የሚቆፈረው የቤት መሠረት ተባብረው የሚያስነሡት ብናኝ ልብስ አልፎ ቆዳ ላይ ያርፋል። ውሃውም በፈረቃ ነው፤ ሮቶ የሌለው ቤት ጀሪካን ደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። እኔ ዘንድ ተነቅሶ የሚወጣ ልጅ ክንዱ ላይ ትኩስ ቁስል ይዞ ወደዚሁ አቧራና ወደዚሁ ጀሪካን ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ስለ ሙያዬ ስናገር ማሽንና ቀለም ላይ ማቆም አልችልም። ንቅሳቱን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ደንበኛው ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ለዚያ ሳምንት ደግሞ እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ የምመርጠው ስስ፣ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስተር ነው።

መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ ነው። የላይኛው ቆዳ በየጊዜው ስለሚታደስ እዚያ የቀረ ቀለም አብሮ ይረግፋል። ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይውጡታል። የፈረንሳይ ማርሴይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለም የዋጠው ሴል ሲሞት የለቀቀውን ቀለም በቦታው የሚተካው አዲስ ሴል መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብል ነው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ተደጋግሞ በተበሳ፣ ገና በሚያዠው ቆዳ ውስጥ ነው። ቁስሉ ደርቆ ወፍራም ቅርፊት ከያዘና ቅርፊቱ በሸሚዝ እጅጌ ወይም በጥፍር ከተነሣ፣ ከሥሩ ያለው ቀለምም ይጎዳል። በኋላ ደንበኛው ፎቶ ልኮ "እዚህ ጋ ለምን ነጣ?" ሲል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ንቅሳት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግራይ የተወለዱ እናቶች አንገታቸው ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል፣ ድዳቸው ላይ የጠቆረ ንቅሳት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች መጥተዋል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የጎጃም እናት አሉ፤ አንገታቸው ላይ ያለው መስመር ዛሬም ተቆጥሮ የሚለይ ነው። "እማማ፣ ያን ጊዜ ቁስሉን በምን አዳናችሁት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ምን መድኃኒት ነበረ ልጄ! ቅቤ ቀቡኝ፤ ፀሐይ እንዳትወጪ፣ ጭስ እንዳትገቢ አሉኝ። ሲሽር ወጣሁ" አሉኝ። ቅቤውን አልመክርም። ከፀሐይና ከጭስ መከልከሉ ግን የአዋቂ ምክር ነው፤ ዛሬም ለደንበኛ የምሰጠው ምክር ከዚያ ብዙ አይርቅም። መመለስ የሌለበት አንድ ነገር አለ። በጥቀርሻና በቅጠል ጭማቂ፣ በአንዲት መርፌ፣ ልጃገረዶችን ተራ በተራ መንቀስ ነው። በደም የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ በሰፊው ባለበት አገር መርፌ የሚጋራ ሰው በነፍስ ይጫወታል። ከዚህ በታች ስለ ፕላስተር የምለው ሁሉ የሚሠራው መርፌው ለአንድ ሰው ተከፍቶ፣ ለአንድ ሰው ተሠርቶበት ከተጣለ ብቻ ነው። በቆሸሸ መርፌ የተሠራን ንቅሳት ፕላስተር አያድነውም፤ እንዲያውም ጀርሙን አፍኖ ያቆየዋል።

ፕላስተሩ ከንቅሳት ቤት የተወለደ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አድርጎ ከፊሎቹን በፕላስቲክ ሸፈነ፣ ከፊሎቹን ክፍት ተወ። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፈጥነው አዲስ ቆዳ ለበሱ። "ቁስል ይናፈስ፣ ይድረቅ" ተብለን ላደግን ሰዎች ይህን ማመን ቀላል አይደለም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ቁስል ሲደርቅ አዲሶቹ ሴሎች ከደረቀው ቅርፊት ሥር እርጥብ መንገድ ፍለጋ ወደ ታች ይቆፍራሉ፤ እርጥበቱ ከተጠበቀላቸው ቀጥ ብለው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የሆስፒታል ፊልሞች መጡ። ግሉኮስ የተተከለለት ሕመምተኛ እጅ ላይ መርፌውን ይዞ የሚታየው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር፣ ቴጋደርምና መሰሎቹ፣ የዚያ ዘር ናቸው። ለንቅሳት ተብለው የሚሸጡት ሳኒደርምና ሴኮንድ ስኪንም እንዲሁ። የሚሠሩት ከፖሊዩሬቴን ነው፤ ውሃና ጀርም ከውጭ አያስገቡም፣ የቆዳውን እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። በፌስታል ወይም በወጥ ቤት ፕላስቲክ ጠቅልሎ የሚያሳድር ሠሪ አለ። ያ ፕላስቲክ እንፋሎት አያስወጣም፣ ዳሩም አይጣበቅም፤ ላቡን ከውስጥ ያቁራል፣ አቧራውን ከጎን ያስገባል። መንገድ ለማለፍ ለጥቂት ሰዓት ይሆናል እንጂ ለሌሊት አይሆንም።

አለጣጠፉ ችኮላ አይወድም። ሥራው ሲያልቅ ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቤ፣ ደሙ እስኪገታ በንጹሕ ሶፍት ተጭኜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቅባት የሚባል ነገር አላስነካም፤ ቫዝሊን የነካው ቆዳ ላይ ፕላስተር አይዝም። ጸጉሩ ከንቅሳቱ ዙሪያ ሰፋ ተደርጎ መላጨት አለበት። ፕላስተሩ ከንቅሳቱ በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ማዕዘኑንም በመቀስ አከባለሁ፤ ሹል ማዕዘን እጅጌ ይይዘዋል። ቆዳውን ሳልወጥር፣ ፕላስተሩንም ሳልስብ ከመሐል ወደ ዳር አስተኛዋለሁ። ክርንና ቁርጭምጭሚት ላይ ክንዱ ወይም እግሩ ግማሽ ታጥፎ ነው የማስይዘው፤ ቀጥ ብሎ የተለጠፈው፣ ደንበኛው ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ ይላቀቃል።

ማታ ስልኬ ይጮኻል። "ቀለሙ እየወጣ ነው! ውስጡ ጥቁር ውሃ ሞላ!" የሚወጣው ደም፣ ከደሙ የሚለይ ቢጫማ ፈሳሽና ቆዳ ውስጥ ያልገባ ትርፍ ቀለም ነው። ንቅሳቱ ባለበት አለ። በዳር በኩል ካልፈሰሰ አያስፈራም። ከፈሰሰ ግን መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ፈሳሹ በወጣበት አቧራው ይገባል። ያኔ "በፋሻ እሰርበት" አልልም፣ ሌላ ፕላስተርም አላስደርብበትም። ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ይለጠፋል። የመጀመሪያውን ያለ ምንም ችግርም ቢሆን በማግስቱ አነሣዋለሁ። ሁለተኛው፣ ቁስሉ ማዠቱን ሲቀንስ የሚለጠፈው፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሲላጥ ወደ ላይ መመንጨቅ የለም። ለብ ባለ ውሃ ማራስ፣ አንዱን ዳር ይዞ ከቆዳው ጋር ትይዩ ወደ ጎን መለጠጥ፤ ሙጫው ራሱ ይለቃል። ውሃ በማይመጣበት ቀን ግማሽ ጆግ የሞቀ ውሃ ይበቃል። ፉሪ ላይ ፕላስተሩን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በቅባት የሚድን ንቅሳት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መታጠብ ይፈልጋል፤ ቧንቧው ለቀናት በሚደርቅበት ቤት ይህን ማዘዝ ደንበኛውን ለብክለት አሳልፎ መስጠት ነው። ፕላስተር ያለው ግን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ካገኘ ሳምንቱን ይወጣዋል።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልበል። ከፕላስተሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። "ዙሪያው ከቀላ አንሡት" ይላል። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ እንደዚያ አይቀላም። ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ወይም ለዓይን ምንም አይታይም። መቅላት የሚጠብቅ ሰው ሳያይ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ደንበኞቼን በእጅ መመርመር አስተምራለሁ። የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ በሌላኛው ክንድ ላይ፣ ቀጥሎ በንቅሳቱ ዙሪያ አሳርፉ። የመጀመሪያውን ቀን መሞቁ ያለ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሙቀቱ ከበረደ ደህና ነው፤ ከጨመረ፣ ሕመሙም ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከተነሣ፣ ዙሪያው ከጠጠረና ካበጠ፣ ፕላስተሩ ይነሣ። የሙጫ አለርጂም መልኩ ሌላ ነው። የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ልክ ፕላስተሩ ባረፈበት ቅርጽ፣ ንቅሳት በሌለበት ቆዳ ላይ ጭምር ይወጣሉ። ይህን እያከኩ መታገሥ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሽፍታው ቢድንም በጥቁር ቆዳ ላይ የሚተወው የጠቆረ ክፈፍ ለወራት አይለቅም። ከዚህ በፊት ቆዳው በፕላስተር የተቆጣበት ሰው ከነገረኝ፣ ትንሽ ቁራጭ ክንዱ ላይ ለጥፌ አንድ ቀን አሳድራለሁ፤ ሥራውን ከዚያ በኋላ እጀምራለሁ።

የኬሎይድንም ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ከቁስሉ አልፎ የሚያብጠው ጠባሳ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ፕላስተር ከዚህ አይጠብቅም። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት ልጅ ደረቷ ላይ ንቅሳት ብትፈልግ፣ እኔ አልሠራላትም።

የአገሩ ኑሮ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። አንገትና ደረት ላይ የሚነቀስ ክርስቲያን ማተቡን አይፈታም፣ እኔም ፍታ አልልም። ነገር ግን የረጠበ ክር የፕላስተሩን ዳር ሲፍቅ ይውላል። ክሩ ረዘም ብሎ እንዲታሰር ወይም ንቅሳቱ ሁለት ጣት ዝቅ እንዲል ከመጀመሪያው አብረን እንወስናለን። ጸበል ለሚሄድ ሰው መጠጣቱ አይከለከልም፤ መጠመቁ ግን ቆዳው እስኪዘጋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆይ እላለሁ። ፕላስተሩ ሻወር ቢችልም ከላይ የሚወርድ ብዙ ውሃን አይችልም። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ባቡር ይዞ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ደንበኛም አለኝ፤ እዚያ ላቡ በአንድ ቀን ዳሩን ያነሣዋልና ሁለተኛውን ቁራጭ አስይዤ እልካለሁ። እኛ ጋ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ አይናቅም። ከፍታ ላይ ነን፤ ፕላስተሩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከፀሐይ አይከልልም፣ ላዩ ላይ እጅጌ ይውረድበት። ትልቅ ሥራ የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ክረምትን እመርጥለታለሁ። ጭቃው ያስመርራል እንጂ አቧራ የለም፣ ፀሐዩም ደመና ውስጥ ነው።

ዋጋው ተወዷል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥቅልሉ እጅን ያሳጥራል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሠሪ የመጀመሪያውን ለጥፎ "ሁለተኛውን ራስህ ፈልግ" ይላል። ደንበኛው አያገኝም ወይም አይገዛም፣ አንዱን ቁራጭ ሳምንት ሙሉ ይዞ ይቆያል፤ ከሥሩ የተጠራቀመው ፈሳሽ ይሸታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሁለቱም ቁራጭና የማግስቱ እጥበት ከንቅሳቱ ዋጋ ጋር አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው። ሂሳቡ ከከበደ ንቅሳቱ ይነስ፤ መሐል ላይ የተተወ ቁስል አይሠራ። የሙያ ባልደረቦቼን በዚህ እለምናለሁ፤ ጊዜው ያለፈበት ጥቅልል በርካሽ ሲመጣም አትግዙ፤ ሙጫው የደከመ ፕላስተር ከባዶ ቆዳ የባሰ ነው፣ ደንበኛው ተሸፍኛለሁ ብሎ ይዘናጋልና።

ለተነቃሹ የምለው ይህ ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት መርፌው ፊታችሁ ይከፈት፣ ሁለተኛው ፕላስተር በዋጋው ውስጥ እንዳለ ጠይቁ፣ ነገ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተቀጣጠሩ። ፕላስተሩ ከተላጠ በኋላ ቆዳው ይረግፋል፣ ያሳክካል፤ አትቅረፉት፣ በቀን አንድ ሁለቴ ሽታ የሌለው ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። መግል ካያችሁ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ከንቅሳቱ ተነሥቶ ወደ ብብት የሚሄድ መስመር ከታየ፣ ወደ እኔ አትምጡ፣ ዴቶልም አታፍስሱበት። ያ የሐኪም ሥራ ነው። ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳምንታት አልፈው የማይድን ሽፍታ ወይም የሚያብጥ ጠባሳ ከሆነ ደግሞ ከእኛ ሩቅ ያልሆነው፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው።