መሃሉን የሚያውቅ ፔዳል፦ ለቤት ውስጥ ምስለ በረራ የእግር መሪ ስለ መምረጥ

ስለ አውሮፕላን አብራሪ ሲወራ ዘወትር የሚነሳው እጅ ነው። መሪውን የጨበጠ፣ የሞተሩን ኃይል ወደፊት የገፋ እጅ በፎቶግራፍም በፊልምም ይታያል። እግር ግን ከመሣሪያው ሰሌዳ ሥር ተሰውሮ ስለሚሠራ የሚያነሳው የለም። ይህ አድልዎ ወደ ቤት ውስጥ ምስለ በረራም ተሻግሯል። ኮምፒውተሩን ያሟላ፣ ጆይስቲኩን የገዛ የበረራ አፍቃሪ ፔዳል የሚገዛው በመጨረሻ፣ ያውም በተረፈው ገንዘብ ነው። ሲገዛም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በመልኩ፣ በክብደቱና በብረቱ ውፍረት ነው። ይሁን እንጂ ፔዳል የጌጥ ዕቃ አይደለም። ጥሩም ሆነ መጥፎ እግርን አንድ ነገር ያስተምራል፤ እግር ደግሞ አንድ ጊዜ የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ስለዚህ ምርጫው ሊመዘን የሚገባው ዕቃው በሚመስለው ነገር ሳይሆን በሚያስተምረው ነገር ነው።

ለመሆኑ የአውሮፕላን ፔዳል ሥራው ምንድን ነው? መኪና የሚነዳ ሰው በጅራቱ ላይ የቆመው ረደር አውሮፕላኑን እንደ መኪና መሪ የሚያዞረው ይመስለዋል። አውሮፕላን ግን የሚዞረው ክንፉን በማዘንበል ነው። ወደ ግራ ለማዘንበል በቀኙ ክንፍ ላይ ያለው ኤለሮን ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀኙ ክንፍ የማንሳት ኃይልም ይጨምራል። ከማንሳት ኃይሉ ጋር ግን የአየሩ ተቃውሞም አብሮ ስለሚጨምር፣ አፍንጫው ሊሄድ ከታሰበበት በተቃራኒ ወደ ቀኝ ይሳባል። የራይት ወንድማማቾች በዚህ ጠባይ የተፈተኑት ገና ሞተር ባልነበራቸው ተንሸራታቾቻቸው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ቀድሞ የማይንቀሳቀስ የነበረውን የጅራት ክንፍ ተንቀሳቃሽ አድርገው ከክንፉ መጠምዘዣ ጋር በማያያዝ መፍትሔ አገኙለት። ውሎ አድሮ ይህ የማስተካከል ሥራ ለእግር ተሰጠ። ዛሬም በአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሣሪያ ሰሌዳ ላይ በጎባጣ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የምትንከባለል ኳስ አለች። ኳሷ ከመሃል ከሸሸች አውሮፕላኑ በጎኑ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የበረራ መምህራን ትእዛዝ አጭር ነው፦ ኳሷ በሸሸችበት በኩል ያለውን ፔዳል ርገጥ።

እግርን ከዚህ ሥራ ለማሰናበት የተሞከረበት ጊዜም አለ። ፍሬድ ዊክ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤርኩፕ የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ረደሩ ከኤለሮኑ ጋር ተሳስሮ ያለ ፔዳል ይሠራ ነበር። የቤት ምስለ በረራም ይህንኑ ሐሳብ በሁለት መልክ ያቀርባል። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ረደሩን እንዲቆጣጠር የሚያደርገው ምርጫ ነው። ሁለተኛው፣ እጀታው ሲጠመዘዝ ረደሩን የሚያንቀሳቅስ ጆይስቲክ ነው። የመጀመሪያው ተማሪውን ከትምህርቱ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ርካሽና ቦታ የማይፈጅ ቢሆንም፣ አንዱ የእጅ አንጓ ማዘንበልንም መጠምዘዝንም ስለሚሸከም የአንዱ እንቅስቃሴ ሳይታወቅ ወደ ሌላው ይገባል። ሊያርፍ የተቃረበ ሰው እጀታውን ሲጠመዝዝ ክንፉም አብሮ ያዘነብልበታል።

ይህ ሲባል ግን ፔዳል ለሁሉም ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ሻጮች የማይናገሩት እውነት ይህ ነው። ትልልቅ የመንገደኞች ጄቶችን ብቻ በምስለ በረራ የሚያበር ሰው፣ አፍንጫው ወደ ጎን እንዳይዋልል የሚጠብቀው የአውሮፕላኑ የራሱ ሥርዓት ስለሆነ፣ እግሩን በብርቱ የሚፈልገው ሲነሳ፣ በጎን ነፋስ ሲያርፍና አንድ ሞተር ሲጠፋ ነው። ለእርሱ የሚጠመዘዘው ጆይስቲክ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ባለ አንድ ሞተር ፕሮፔለር ለሚመርጥ ግን ነገሩ ይለያል። እንደ ሴስና 172 ባለ አውሮፕላን ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ፕሮፔለሩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ሙሉ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ እግር ሳይታክት ሊመልሰው ይገባል።

ሦስተኛው ጎማቸው ከጅራት ሥር የሆነ አውሮፕላኖች ደግሞ የእግር ዋነኛ ፈተናዎች ናቸው። ክብደታቸው ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚያርፍ፣ መሬት ላይ ትንሽ ከዘመሙ ጅራታቸው አፍንጫቸውን ሊቀድም ይሽቀዳደማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራ የተካሄደው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ አምሳያ በሆነው ሲ-47 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የ40ኛ ዓመት እትም ዲሲ-3ን አካትቷል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከቦሌ ሜዳ፣ አየሩ ሳስቶ መንደርደሩ በረዘመበት ሁኔታ፣ ይህን አውሮፕላን ያለ ፔዳል ቀጥ አድርጎ ለማስነሳት የሞከረ ሰው እግር ለምን እንደተፈጠረ ይገባዋል።

ወደ ገበያው ሲመጣ፣ በመጀመሪያው እርከን የሚገኘው የትረስትማስተር ቲኤፍአርፒ ነው። የእግር ጣት ፍሬን አለው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ያነሰ ነው። ጉድለቱ እግሮችን እጅግ አቀራርቦ ማስቀመጡ ነው። በእውነተኛ አውሮፕላን ጉልበቶች ተራርቀው ሲቀመጡ እዚህ ግን ይነካካሉ፤ ጭኑም ይደክማል። በሀዲድ ላይ የሚንሸራተት በመሆኑም ከመሃል ለመነሳት ትንሽ የመያዝ ጠባይ አለው። ለረጅም ዘመን የታወቀው የሲኤች ፕሮዳክትስ ፕሮ ፔዳልም በእግር መቀራረብ ተመሳሳይ ነቀፌታ ይቀርብበታል።

ከዚያ ከፍ ብሎ የሚገኘው በሳይቴክ ስም የጀመረው ፕሮ ፍላይት ፔዳል ነው። ሳይቴክ እ.ኤ.አ. በ2007 በማድ ካትዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሎጂቴክ እጅ ገብቷል፤ ፔዳሉ ግን በመልኩ ብዙም አልተለወጠም። እግሮችን አራርቆ ያስቀምጣል፤ የሞላውን ጥንካሬ በመሃሉ ባለው መዘውር ማላላትና ማጥበቅ ይቻላል። ሆኖም ሞላው ሲጠብቅ የመሃሉ ጠባይ ይበላሻል፤ የምርጫው ዋና ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

አብራሪ በአብዛኛው የበረራ ጊዜ ፔዳሉን እስከ ዳር አይረግጥም። የሚሠራው ከመሃል ግራና ቀኝ በጥቂት ሳንቲሜትር፣ አንዳንዴም በሚሊሜትር ነው። መሃሉ ላይ ሞላው አጥብቆ የሚይዝ ፔዳል፣ እግር ጥቂት ሲገፋው እንቢ ይላል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ጉብታ እንደ ተሻገረ ጋሪ ዘሎ ያልፋል። ሰውየው ኳሷን ወደ መሃል ሊመልስ ፈልጎ በሌላው በኩል ያሸሻታል፤ ያንንም ሊያርም ተቃራኒውን ይረግጣል። እንዲህ እያለ እግሩ በጥቂቱ ከማስተካከል ይልቅ መርገጥን ይማራል። ከብረት የተሠራ፣ ግን መሃሉን የማያውቅ ፔዳል፣ ከፕላስቲክ ተሠርቶ መሃሉ ላይ ለስላሳ ከሆነው ያንሳል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የእግርን እንቅስቃሴ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስተላልፈው ሴንሰር ነው። ርካሾቹ ፔዳሎች ፖቴንሽዮሜትር ይጠቀማሉ፤ ይህም እንደ ድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ እየተፋተገ የሚሠራ ነው። በጊዜ ብዛት ሲያልቅና አቧራ ሲገባበት፣ አሮጌው ሬዲዮ እንደሚንኮሻኮሽ ሁሉ፣ እግር ሳይንቀሳቀስ ረደሩ ይንቀጠቀጣል። በማግኔት የሚሠሩት ሴንሰሮች መፋተግ ስለሌለባቸው ይህ ችግር አይነካቸውም። አቧራ በሚበዛበት ከተማ ለሚኖርና መለዋወጫ በቀላሉ ለማያገኝ ሰው ይህ ልዩነት ከፔዳሉ መልክ በእጅጉ ይበልጣል።

በዚህ ሚዛን ሦስት ዕቃዎች ከፍ ብለው ይታያሉ። የክሮኤሺያው ኤምኤፍጂ ክሮስዊንድ ንክኪ የሌለው ሴንሰር አለው፤ የመሃሉን ጠባይ የሚወስነውን ክፍል ቀይሮ ማለስለስ ወይም ማጠንከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበው የትረስትማስተር ቲፒአር ፔዳሎቹ ከላይ ተንጠልጥለው የሚወዛወዙበት፣ 7 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ሥራ ነው። ነገር ግን ዋጋው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው፤ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ ሰው ክብደቱ ራሱ ሌላ ዋጋ ይሆናል። ሦስተኛው የቪኬቢ ቲ-ረደር ነው፤ አነስ ያለ፣ ጠንካራ፣ መሃሉ ላይ ጥሩ ነው፤ የጣት ፍሬን ግን የለውም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት ስሕተት ይሆናል። የኢትዮጵያም የሶማሊያም አየር ኃይሎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት ሚግ-21 አውሮፕላኖች ፍሬናቸው በእጅ መሪው ላይ በሚገኝ ማንሻ የሚያዝ ነበር፤ ፔዳሉ ግፊቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያከፋፍላል። እነዚህን የመሰሉ አውሮፕላኖች ለሚወድ ቲ-ረደር ተገቢ ነው። ወደ በረራ ትምህርት ቤት ሊገባ ለሚያስብ ግን፣ የሚጠብቀው ሴስና በእያንዳንዱ ፔዳል ጫፍ ፍሬን ስላለው፣ አይመከርም።

ውድ የሆነውም ርካሽ የሆነውም ፔዳል ግን አንድ የጋራ ውሸት አላቸው። ረደሩ በገመድ ከፔዳሉ ጋር በተያያዘበት ትንሽ አውሮፕላን፣ እግርን መልሶ የሚገፋው አየሩ ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ ፔዳሉ ይላላል፣ ሲጨምር ይጠነክራል። የቤቱ ሞላ ግን አውሮፕላኑ ቆሞም ይሁን በፍጥነት እየበረረ ያው ነው። በሞተር የሚገፉና ይህን የሚያርሙ ፔዳሎች ቢኖሩም ዋጋቸው ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። እንግዲህ ሞላው በጠነከረ ቁጥር እውነተኛ ይመስላል የሚለው የገበያ ወሬ መሠረት የለውም።

የፔዳል ስሜትና የምስለ በረራ ትምህርት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ የሚያሳይ አሳዛኝ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 12 ቀን 2001 ከኒው ዮርክ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የተነሳው የአሜሪካን አየር መንገድ 587 በረራ፣ ኤርባስ ኤ300-600፣ ቀድሞት የሄደ አውሮፕላን በተወው የአየር ሽክርክሪት ውስጥ ሲገባ ረዳት አብራሪው ፔዳሉን በኃይል ግራና ቀኝ አፈራረቀ። ቀጥ ብሎ የቆመው የጅራት ክንፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ መሬት ላይ የነበሩ 5 ሰዎችን ጨምሮ 265 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውጤት ምክንያቱ አላስፈላጊና ከልክ ያለፈ የፔዳል እንቅስቃሴ መሆኑን ገለጸ። በአስተዋጽኦ የጠቀሳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በፍጥነት ጊዜ በትንሽ ግፊትና በአጭር እንቅስቃሴ ብቻ ብዙ የሚታዘዘው የዚያ አውሮፕላን የረደር ሥርዓት፣ እንዲሁም የአየር መንገዱ የሥልጠና ፕሮግራም። በዚያ ሥልጠና የነበረ አንድ የምስለ በረራ ልምምድ የአየር ሽክርክሪትን ጉዳት አጋንኖ ያሳይ እንደነበርም ምርመራው ነቅሷል።

በሳሎን ውስጥ ፔዳል የሚረግጥ ሰው በማንም ላይ እንዲህ ያለ አደጋ አያደርስም። ሆኖም ከሳሎኑ ተነስቶ ወደ እውነተኛ የበረራ ትምህርት ቤት የሚሄድ ወጣት ጥቂት አይደለም፤ እርሱም እግሩን ከነልማዱ ይዞ ይሄዳል። በቤቱ የለመደው በኃይል መርገጥ ከሆነ መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ውድ ሰዓታት የሚያጠፋው ያንን በማስተው ነው።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ የሚበረረው አውሮፕላን ይወሰን። ቀጥሎ የእግሮቹ መራራቅ፣ የመሃሉ ልስላሴ፣ የሴንሰሩ ዓይነት ይታይ፤ ብረቱና መልኩ በመጨረሻ ይምጣ። አቅም ለሌለው፣ በደህና የተያዘና ሞላው የላላ ያገለገለ የሳይቴክ ፔዳል ለትምህርት ይበቃል። ሄሊኮፕተር የሚመርጥ ሰው ደግሞ ፔዳሉን ወደ መሃል የሚመልሰው ሞላ ደካማ የሆነውን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ በሄሊኮፕተር የእግር መሃል በየጊዜው ይለዋወጣልና።

ወለሉም አይዘንጋ። በሊሾ ወይም በሴራሚክ ላይ የተቀመጠ ቀላል ፔዳል ይሸሻል፤ ጎማ ያለው ወንበር ደግሞ በእያንዳንዱ ግፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፔዳሉንና የወንበሩን እግር በአንድ ጣውላ ላይ ማሰር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ዶላር ይበልጣል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ገዢው ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱን ፔዳል የጣት ስፋት ያህል ብቻ ገፍቶ ይመልስ፤ ሌላውንም እንዲሁ። እግሩ ሳይደናቀፍ ሄዶ መሃሉን በራሱ ካገኘው ያ ፔዳል ሊያስተምር ይችላል። ካላገኘው ግን የብረቱ ማማር አያታልለው።