«ውድ»፣ «ዋጋ»፣ «ርካሽ»፦ የአማርኛ ፍካሬ ከየት ይነሣል?

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ የእርማት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ዘይቤ በሰጠሁት የቤት ሥራ አንዲት ተማሪ፣ «ረከሰ» የሚለው ግሥ ከሃይማኖት ወደ ገበያ እንጂ ከገበያ ወደ ሥነ ምግባር አልሄደም ስትል ጻፈች። እኔም ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ቀለም አስምሬ «ተገላቢጦሽ» የሚል ቃል ጻፍሁበት፤ ነጥብም ቀነስሁ። ያደረግሁት ሁላችንም የተማርነውን ነው። ጆርጅ ላኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ እንዳስፋፉት፣ ሰው ረቂቁን ነገር በአብዛኛው የሚረዳው በተጨባጩ በኩል ነው። ዋጋ ይቆጠራል፤ ክብርና ውርደት ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ የዋጋ ቃላት እማሬያዊ ፍቺያቸውን ከገበያ ይዘው ተነሥተው በፍካሬ ወደ ሰው ባሕርይ ይሻገራሉ ብዬ አምን ነበር።

ይህን እምነቴን የነቀነቀው መጽሐፍ ሳይሆን ራጉኤል ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በገበያው መካከል በመሆኑ ነጋዴና ተሳላሚ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን ከአንዲት የንዋየ ቅድሳት መሸጫ ጧፍ ልገዛ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት መጡና የስለት ጃንጥላ ጠየቁ።

«ርካሹን አሳየኝ፣ ልጄ» አሉ።

«የስለት ዕቃ ርካሽ አይባልም፣ እማማ» አለ ሻጩ። «ቀነስ ያለው ግን አለ።»

«እንግዲያው ቀነስ ያለውን አምጣው» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ገዢ ይከራከሩት ጀመር።

ሻጩ የተቃወመው ዋጋ መቀነሱን አይደለም፤ ሲከራከሩት ቀንሶላቸዋል። የተቃወመው ቃሉን ነው። «ርካሽ» ለእርሱ የገንዘብ ማነስን ብቻ ቢያመለክት ኖሮ ከስለት ዕቃ የሚያርቀው ምክንያት አይኖርም ነበር። ጧፌን ይዤ ስመለስ ያች ተማሪ በሐሳቤ መጣች።

ነገሩን ለማጣራት በመጀመሪያ እንግሊዝኛን እንመልከት። «ፕራይስ» ዋጋ ነው፤ «ፕራይዝ» ሽልማት ነው፤ «ፕሬይዝ» ምስጋና ነው። ሦስቱም በፈረንሳይኛ በኩል የመጡት ዋጋ ከሚል ፍቺ ካለው ከላቲኑ «ፕሬቲዩም» ነው። «ቺፕ» የሚለው ቃልም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ንግድ ማለት ነበር፤ የለንደኑ ቺፕሳይድ ጎዳና ዛሬም የጥንቱን ገበያ ስም ይዟል። ቃሉ ርካሽነትን፣ ቀጥሎም ንቀትን ማመልከት የጀመረው በኋላ ነው። የራሱ የመርካቶ ስም ከዚሁ ወገን ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ሲዛወር የተሰጠው ስም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ሲሆን፣ እንግሊዞች ምሕረትን የሚጠሩበት «ሜርሲ» የሚለው ቃልም ደመወዝና ዋጋ ማለት ከነበረው ከላቲኑ «ሜርሴስ» የወጣ፣ ከ«መርካቶ» ጋር አንድ ግንድ ያለው ቃል ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች እንግዲህ ከገበያ ተነሥቶ ወደ ምስጋና፣ ወደ ንቀትና ወደ ምሕረት የሚወስድ መንገድ አለ። የላኮፍና የጆንሰን ሐሳብ እዚህ ያለ ችግር ይሠራል።

አማርኛ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። «ርካሽ» የ«ረከሰ» ቅጽል ነው፤ «ሰ» ወደ «ሸ» መለወጡም ከ«ቀደሰ» «ቀዳሽ» እንደሚወጣው ያለ ነው። በግእዝ «ረኵሰ» ማለት አደፈ፣ ንጹሕ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው፤ «ርኩስ መንፈስ» ስንል የምናስበው ይህንኑ ነው። ዋጋ የወረደበት ዕቃ ስሙን ያገኘው ንጽሕናውን ካጣ ነገር ነው። በተቃራኒው የዋጋን መውጣት የምንናገረው «ተወደደ» ብለን ነው። ሥሩ ፍቅር ነው፤ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ያሉት ዘመዶቹም የሚያመለክቱት ፍቅርን ነው። ደብዳቤ የምንጀምርበት «ውድ» እና በርበሬ ተራ የሚያስመርረን «ውድ» አንድ ቃል ናቸው። በእርግጥ በዚህ በኩል እንግሊዝኛም ይመስለናል፤ «ዲር» የተወደደም ያስወደደም ነው። ሁለቱን ዳር፣ ውዱንም ርካሹንም፣ በፍቅርና በእድፈት የሰየመው ግን አማርኛ ነው።

በመካከላቸው ያለው «ዋጋ» ሁለት ፊት አለው። ግእዝ ለሽያጭ ዋጋ «ሤጥ» የሚል ቃል ነበረው፤ አማርኛ ግሡን «ሸጠ» ብሎ ሲወርስ ለስሙ «ዋጋ»ን መረጠ። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 12 ላይ በሰማይ የሚጠብቀው በረከት «ዋጋ» ተብሏል፤ በምዕራፍ 27 ቁጥር 6 ላይ ለይሁዳ የተከፈለው ብርም የደም «ዋጋ» ተብሏል። እንግሊዝኛው በሁለቱ ቦታዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ያስፈልጉታል። በአማርኛ «ዋጋ» የሚሰጡትም የሚቀበሉትም ነው፤ «ዋጋውን አገኘ» የሚለው አነጋገር ሽልማትንም ቅጣትንም መያዙ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስም በየደረሰኙ 15 በመቶ ብሎ ሲጻፍ፣ «እሴት» በግእዝ የበጎ ሥራ ብድራት መሆኑን የሚያስታውስ ነጋዴ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቃል ታሪክ ሌላ፣ የተናጋሪ ስሜት ሌላ ነው፤ «ሽንኩርት ረከሰ» ብላ የምትደሰት የቤት እመቤት እድፈት አታስብም። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የራጉኤሉ ሻጭ እንዳሳየን ጥንታዊው ፍቺ አልሞተም፤ ተኝቷል። ስለትን የመሰለ ነገር ሲጠጋው ይነቃል። የሥነ ጽሑፍ ሥራም እንዲህ ያለውን የተኛ ፍቺ የሚቀሰቅስ ነገር ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለምሳሌ እንውሰድ። ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ ሰብለ ወንጌል የማግቢያዋ ዕድሜ ያልፋል። ከገበያ ተነሥተን ካነበብነው አባትየው ዕቃውን አላግባብ ያስወደደ ነጋዴ ይሆናሉ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ፊታውራሪው ገንዘብ አልጠየቁም። ልጅቱን ከሰው አቅም በላይ ያደረጋት ዘራቸውንና እርሷን የወደዱበት መንገድ ነው፤ መወደዷ አስወደዳት። የበዛብህም እናት ስሟ ውድነሽ መሆኑን ልብ ይሏል። እርሷና ባሏ ቦጋለ ልጃቸው እንዲኖርላቸው ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት ሰጡት። በስለት ዋጋውን የሚቆርጠው ከፋዩ ራሱ ነው። እዚህ ግን ቆራጮቹ ወላጆች፣ ከፋዩ ልጅ ሆነ። ይህን ያለ ቂም፣ በፍቅር የተፈጸመ ዕዳ የገበያ ዘይቤ ብቻውን አይገልጠውም።

ጉዳዩ ለራሳችን ለሐያስያን ብዕርም ይተርፋል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባሮ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀርቷል። ይህን ስንጽፍ «ለእውነት ዋጋ ከፈለ» ማለት ልማዳችን ሆኗል። ንግግሩ ክብር ለመስጠት የታሰበ ነው። ነገር ግን «ከፈለ» ሲባል ሰውየው ገዢ ይሆናል፤ ተስማምቶ፣ ቆጥሮ፣ እጁን ዘርግቶ የሰጠ ይመስላል። መርካቶ እንኳ ያለ ክርክር ዋጋ አይቆረጥም። ከበዓሉ ጋር የተከራከረ የለም፤ የሆነው መውሰድ ነው። ወሳጁንም ከዐረፍተ ነገሩ ያስወጣው ይኸው ግሥ ነው። የ«ዋጋ»ን ሌላኛውን ፊት ብናስታውስ ኖሮ ሁለት ጥያቄዎች ባልቀሩልን ነበር፦ የከፈለው ለማን ነው? የድካሙንስ ዋጋ ማን ሰጠው?

እንግዲህ ተማሪዎች የአማርኛን ፍካሬ ሲተነትኑ አቅጣጫውን ከመማሪያ መጽሐፍ ከመዋስ በፊት ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ ቢጠይቁ መልካም ነው እላለሁ። ከውጭ የመጣው ንድፈ ሐሳብ ይጣል ማለቴ አይደለም፤ በእኛ ቃላት ይፈተን ማለቴ ነው። አንዳንዱ ቃል ፈተናውን ያልፋል፤ «ረከሰ» ግን አላለፈም። ያች ተማሪ ተመርቃ ከሄደች ቆይታለች፤ የቀነስሁባትን ነጥብም ዛሬ ልመልስላት አልችልም። ትክክለኛዋ እርሷ እንደ ነበረች ግን እዚህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።