ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በተነሣ ቁጥር ጨዋታው «ይህ ባለ ሥልጣን በእውኑ ዓለም እገሌ ነው፤ ያኛው ደግሞ እገሌ ነው» በማለት ያልቃል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በብዛት የተነበበው እንዲህ ነው። እኔ ይህን አነባበብ አልወደውም። ልቦለዱን የሐሜት መዝገብ ያደርገዋል፤ ከዚያም በላይ መንግሥትና ዜጋ ሲጣሉ ዳኛው ማነው የሚለውን ትልቁን ጥያቄ ይሸፍንብናል።

ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አሥመራ ይወርዳል። እዚያ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ የናቅፋንም ጦርነት ያያል። የፍቅሩ ታሪክ አንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ የተለጠጠ ይመስለኛል። ፀጋዬ ግን የተሳካለት ገጸ ባሕርይ ነው። አፉን ለመንግሥት ቢያውስም ዓይኑን አላዋሰም። የመጽሐፉም ድፍረት ባለ ሥልጣናቱን መንካቱ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ሥራ ዜጋ ሊመዝነው እንደሚችል ማሳየቱ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል ለኖረ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መልሱ የታወቀ ነው። የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ያወጣውን መጽሐፍ መንግሥት ራሱ ከገበያ ሰበሰበው። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ለዚህ ሁሉ ክስ አልተመሠረተም፤ ምስክር አልተሰማም፤ ዳኛ አልተቀመጠም። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። እዚህ ያለ ፍርድ የሄደው ግን ጭብጦ ሳይሆን ሰው ነው።

በዓሉ ከቤተ መንግሥት የራቀ ሰው አልነበረም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። ቀረቤታው ግን አላዳነውም። ባለ ሟልነት እስከ ጌታው ቁጣ ድረስ ብቻ የምታገለግል ጃንጥላ ናት። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በመስከረም 1967 ታግዶ፣ ተከታዩ በሕዝበ ውሳኔ የቀረበው በ1979 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ በዓሉ የጠፋው አገሪቱ ሕገ መንግሥት አልባ በነበረችበት ጊዜ ነው። ቢኖራትስ ኖሮ? የ1948ቱ ስለ መናገርና ስለ መጻፍ ነጻነት ጽፎ ሳለ ሳንሱሩ ከሥራው አልተፈታም ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተሻለ ይናገራል። አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም እንደማይታለፍ ይደነግጋል። እነዚህን ሳነብ የበዓሉን ዕጣ አይቶ የጻፋቸው ሰው ያለ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሰነድ መጽደቅ በኋላም በጻፉት የታሰሩ ጋዜጠኞችን አይተናል።

ባገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ቃሉ ጉልበተኛ ጎረቤትን ያስቆም ነበር። የቀረን ሥራ መንግሥትንም እንዲያስቆም ማድረግ ነው። ስለዚህ «ኦሮማይ»ን እንደ ገና የሚያነብ ሰው «ይህ ባለ ሥልጣን ማነው?» ማለቱን ትቶ «ዳኛው የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ካለፈው ዘመን ጋር አልፏል፤ ሁለተኛው ግን ዛሬም መልስ ይፈልጋል።